አራተኛ ፎቅ ሳላርፍ ወጣሁ፤ የምስጋና መልእክት

ሁለት ዓመት ሙሉ ደክሞኝ ነበር። ማታ በሁለት ሰዓት ተኝቼ ጠዋት ስነሳ ጭራሽ ያልተኛሁ ያህል ነበር የሚሰማኝ። ቤታችን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ስወጣ ሁለት ቦታ ቁጭ እል ነበር። ልቤ ይመታል፣ ጆሮዬ ይጮኻል። ቆሜ ማስተማርም አቃተኝ። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ደሜን እንኳ ሳያይ «ጭንቀት ነው» ብሎ ቫይታሚን ሰጥቶ ሸኘኝ። እኔም አመንኩ። ሰነፍኩ እያልኩ ራሴን ስወቅስ ከረምኩ።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት የሥራ ባልደረባዬ የዓይኔን ሽፋን ገልጣ አየችኝ። «አንቺ፣ ደም የለሽም እኮ! ተነሺ» አለች። ክፍለ ጊዜዋን ለሌላ መምህር ሰጥታ ራሷ ይዛኝ ሄደች። ሄሞግሎቢኔ (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር) 6.4 ሆኖ ተገኘ። ለሴት ከ12 በታች ሲሆን ነው ደም ማነስ የሚባለው። እህቴ፣ ያን ቀን ባትጎትቺኝ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ዶክተሬ ኪኒን ብቻ ጽፋ አላሰናበተችኝም። «ደሙ የት እየሄደ ነው?» አለች። የወር አበባዬ ዘጠኝ ቀን በብዛት እንደሚፈስ ነገርኳት። የሁሉም ሴት እንደዚያ ይመስለኝ ስለነበር ለማንም አውርቼው አላውቅም። ዝናብ የነካው አፈር ሲሸተኝ ብላ ብላ እንደሚለኝም እያፈርኩ ነገርኳት። አልሳቀችብኝም። እሱም የብረት እጥረት ምልክት እንደሚሆን አስረዳችኝ። በአልትራሳውንድ ማዮማ፣ ማለትም ካንሰር ያልሆነ የማህፀን እጢ ተገኘ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዶክተር።

ለማዮማው ከተደረገልኝ ቀዶ ጥገና በፊት ሁለት ከረጢት ደም ተሰጠኝ። የለገሱትን ሰዎች አላውቃቸውም። ልጄ በማግስቱ «እማዬ፣ ከንፈርሽ ቀላ!» ስትል እናንተን አሰብኩ። ዕድሜ ይስጣችሁ።

ባለቤቴ ስድስት ሳምንት ልብስ አጥቧል፣ ውሃ ተሸክሟል። አንድም ቀን ፊቱ አልጠቆረም።

የጎረቤቶቼን ነገር ግን በደንብ ልንገራችሁ። ቡናና ሻይ ሰውነት ብረቱን እንዳይወስድ ስለሚያግዱ ከብረት ኪኒኑም ከምግቡም አርቂያቸው ተባልኩ። በእኛ ብሎክ ደግሞ ቡና የሚፈላው ምሳ እንደተነሳ ነው። «እኔ ይቅርብኝ» አልኳቸው። እማማ ረከቦቱን ገፋ አድርገው «ቡናው ይቆያል እንጂ አንቺማ አትቀሪም» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የብሎካችን ቡና ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ስንት ዓመት የኖረ ልማድ ለእኔ ሲባል ተቀየረ! ኪኒኑን በሎሚ ውሃ እንድውጥ ሎሚ ይዞ የሚያንኳኳም አልጠፋም። ሰገራዬ ጠቁሮ ስደነግጥ የታችኛው ፎቅ ነርስ ሌሊት ወጥታ «የኪኒኑ ነው፣ አይዞሽ» ብላ አረጋጋችኝ።

አሁን ሄሞግሎቢኔ 12.8 ደርሷል። የተሟጠጠው የብረት ክምችት እስኪሞላ ኪኒኑን ሦስት ወር እቀጥላለሁ። ደረጃውን ሳላርፍ እወጣለሁ።

እሁድ ሁላችሁንም ቤቴ እጠብቃችኋለሁ። ምሳ ሰባት ሰዓት ነው፤ ቡናው ዘጠኝ ሰዓት።