ኢንሹራንስ አለኝ ብዬ ነበር

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ይህን የምጽፍላችሁ ጣሪያዬን በላስቲክ ሸፍኜ ነው። የደብረ ብርሃንን ንፋስ የቀመሰ ያውቀዋል። ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መጣና ከጓዳው በላይ ያለውን ቆርቆሮ ገንጥሎ ጎረቤት ግቢ ወረወረው። ባለቤቴ ስትደነግጥ እኔ ዘና ብዬ «ኢንሹራንስ አለን አይደል እንዴ?» አልኳት። ሞኝነቴ!

በነጋታው ቢሯቸው ሄድኩ። ልጅቷ ፋይሌን ገልጣ አየችና «ጋሼ፣ የእርስዎ እሳትና መብረቅ ነው፤ ንፋስ አልገቡም» አለችኝ። አልገቡም! ይገባሉ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ማን ነበር?

ነገሩ የጀመረው ከባንክ ነው። ቤቱን አስይዤ ስበደር ኢንሹራንስ ግባ ተባልኩ፣ ገባሁ። ውሉ በእንግሊዝኛ፣ ፊደሉም ደቃቅ፤ ዝም ብዬ ፈረምኩ። ለካ ካሳ ቢመጣ እንኳ መጀመሪያ የሚታየው የባንኩ ዕዳ ኖሯል። ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑ፣ አልጋው ደግሞ ጭራሽ የሉበትም፤ የቤት ዕቃ ለብቻው ነው የሚገባው።

አሁን የእህቴ ልጅ ቁጭ ብሎ መስመር በመስመር አነበበልኝ። ዋናው የእሳት ውል እሳትን፣ መብረቅንና የቤት ውስጥ ጋዝ ፍንዳታን ነው የሚይዘው። ንፋስ፣ ጎርፍ፣ የቧንቧ ፍሳሽ፣ ሁከት፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ተጨማሪ እየተከፈለ የሚገባ ነው። ስርቆትም ሌላ ውል አለው፤ በር ወይ መስኮት ተሰብሮ የተገባበት ምልክት ይፈልጋሉ። ጦርነት ከውሉ ውጭ ነው፤ ይህ ለኛ ዞን ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

የመሬት መንቀጥቀጥ ስላችሁ ደግሞ አትሳቁ። በ1953 ዓ.ም. እዚሁ ሰሜን ሸዋ የካራቆሬው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ እንዳልነበረች አድርጓታል። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ ተራራ በኩል ሲንቀጠቀጥም እኛ እዚህ ከአልጋ ወርደን ግቢ ውስጥ በብርድ ቆመን ነበር።

ከሁሉም ያናደደኝ የቤቱ ግምት ነው። ስገባ በ1.5 ሚሊዮን ብር ነበር ያስመዘገብኩት። ዛሬ በብሎኬቱና በብረቱ ዋጋ ያንኑ ቤት ልሥራው ብል 3 ሚሊዮን አይበቃኝም። ስለዚህ ግማሽ ቤት ነው ያስገባሁት፤ ኩባንያው የሚከፍለው በዚያው ልክ ስለሆነ፣ እሳት ተነስቶ 400 ሺህ ብር ቢያወድምብኝ የሚከፈለኝ ከ200 ሺህ አይበልጥም ነበር፣ ከዚያም ላይ ባለቤቱ ራሱ የሚችለው ተቀናሽ የሚሉት አለ። እዚህ አገር ከሰል ሳያነድ የሚያድር ቤት ስንት ነው?

ኩባንያዎቹን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ከውሉ ፊት አንድ ገጽ በአማርኛ አድርጉልን፣ ምን እንደገባ ምን እንዳልገባ በግልጽ ይጻፍ። አንባቢም አረቦኑን፣ ማለትም የኢንሹራንሱን ክፍያ፣ ከመክፈሉ በፊት «ያልገባው የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ምን ይሸፍናል ብላችሁ ብትጠይቁ ሁሉንም ነው የሚሏችሁ።

እኔ ውሉን ሳሳድስ ንፋሱንም መንቀጥቀጡንም አስገብቻለሁ፣ ግምቱንም አስተካክያለሁ። ክፍያው ጨምሯል፣ ግን የፈራሁትን ያህል አይደለም። ቆርቆሮውን ከኪሴ እየገዛሁ ነው፤ ሦስት ቀርቶኛል።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን