ቪላ ገዛች ላሉሽ ሰዎች

የኔ እህት፣

እንደምን ሰነበትሽ? እማማ እንዴት ናቸው፣ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ትልቋ ልጅሽ ዘንድሮ ኮሌጅ ትገባለች ሲሉ ሰማሁ፤ ትናንት አይደል እንዴ በጀርባሽ አዝለሻት የነበረው? ማን ጠፋ፣ ማን ዝም አለ እያልን አንካሰስ። አንቺ እዚያ ቨርጂኒያ በሁለት ሥራ ስትራወጪ፣ እኔ እዚህ ፍራንክፈርት በሌሊት ፈረቃ ስናውዝ፣ ዓመታቱ ነጎዱ።

መልእክትሽ ሲደርሰኝ ብቻዬን ሳቅሁ። "ፈረንሳይ አገር ቪላ ገዛሽ አሉ" ትይኛለሽ። ማን እንደነገረሽ አውቃለሁ። እሷ አፍ የገባ ጎጆ ቤተ መንግሥት ሆኖ ነው የሚወጣው። እውነቱ ይኸውልሽ፦ ሁለት መኝታ ክፍል ያለው አሮጌ የድንጋይ ቤት ነው፣ ከጎኑ ጎተራ አለው፣ ዋጋው 48 ሺህ ዩሮ። አዎ፣ በትክክል አንብበሻል። ፍራንክፈርት ላይ በዚህ ገንዘብ ከመኪና ማቆሚያ ብዙም የተሻለ ነገር አይገኝም።

ቤቱ ያለው መሀል ፈረንሳይ፣ ክሩዝ በሚባል አውራጃ ነው። ከፓሪስ ኦስተርሊትዝ ጣቢያ ወደ ሊሞዥ የሚሄደውን ባቡር ትይዢና ሦስት ሰዓት ገደማ ተጉዘሽ ላ ሱተሬን ትወርጃለሽ። ከዚያ በኋላ መኪና ከሌለሽ አለቀልሽ። አካባቢው ላም፣ ጫካና ኩሬ ነው። ቱሪስት የሚያውቀው ነገር ቢኖር በግድግዳ ምንጣፍ ሽመና ስሟ የተጠራ ኦቡሶን የምትባል ከተማ ናት፤ ሽመናውን በፈረንጆቹ 2009 ዩኔስኮ መዝግቦታል።

ለምን ረከሰ ብለሽ መጠየቅሽ አይቀርም። በ1851 ቆጠራ ክሩዝ ከ280 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበራት። ዛሬ 115 ሺህ ያህል ነው። ሰዎቹ ግንበኞች ነበሩ። ብርዱ ሲያልፍ መዶሻና ቱምቢያቸውን ይዘው በእግራቸው ፓሪስ ይሄዳሉ፣ ሲገነቡ ይከርማሉ፣ ብርዱ ሲመለስ ገንዘብ ቋጥረው ይመጣሉ። ማርታን ናዶ የሚባለው በ1830 ገና በ14 ዓመቱ ከአባቱ ጋር እንዲህ ወጥቶ ነው በኋላ የፓርላማ አባል የሆነው። መጀመሪያ ወንዶቹ ለወቅት ይሄዱ ነበር። ቀስ በቀስ ሚስትና ልጆችም ተከተሉ፣ መመለሱ ቀረ። ቤቱ ግን እዚያው ቆመ። ይሄን ታሪክ ስሰማ ማንን እንዳስታወሰኝ ላንቺ አልነግርሽም፤ ሁለታችንም የላክነውን ሐዋላ እናውቀዋለን።

ውርሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። እዚያ አገር ልጆች እኩል ይወርሳሉ፣ ቤቱ በሁሉም ስም ይሆናል፣ ለመሸጥ ደግሞ በመደበኛው መንገድ የሁሉም ፊርማ ያስፈልጋል። የኛን ቤት የሸጡልን አራት ወንድምና እህት ናቸው። አንደኛው ካናዳ ነው፣ ሁለቱ ተኳርፈዋል። ቤቱን አይተን ከተስማማን በኋላ ጊዜያችን በሙሉ የካናዳውን ፊርማ በመጠበቅ ነው ያለፈው። ስለዚህ ቤት ስታዪ ከመስኮቱና ከምድጃው በፊት "ባለቤቶቹ ስንት ናቸው?" በይ።

አገዛዙን በአጭሩ ልንገርሽ። የውጭ ዜጋ መግዛት ይችላል፣ ማንም ፓስፖርትሽን አይቶ አይከለክልሽም። ዋጋ ከተስማማሽ የመጀመሪያ ውል ትፈርሚያለሽ፣ ከ5 እስከ 10 በመቶ ቀብድ ትሰጪያለሽ። ከዚያ 10 ቀን የማሰቢያ ጊዜ አለሽ። ሐሳብሽን ብትቀይሪ ምክንያት ሳትሰጪ ትወጪያለሽ፣ ቀብዱም ይመለሳል። ሻጩ ግን እንዲህ ዓይነት መብት የለውም። ይሄ ሕግ በጣም ነው የወደድኩት። የኛ አገር ደላላ ቢሰማው ይታመማል።

ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ኖቴር የሚባሉ በመንግሥት የተሾሙ የሕግ ሰዎች ናቸው። የኛን ውልና ማስረጃ አስቢ፣ ግን የቤቱን የባለቤትነት ታሪክ ማጣራት፣ ዕዳ ካለበት መፈተሽ፣ ለመንግሥት ቀረጡን መሰብሰብ ሁሉ በአንድ ቢሮ ነው። ገንዘብሽም ለሻጩ በእጁ አይሰጥም፣ በነሱ በኩል ነው የሚያልፈው። ለአሮጌ ቤት ከ7 እስከ 8 በመቶ ይጨመራል ይባላል። አብዛኛው ለኖቴሩ ሳይሆን ለመንግሥት የሚገባ ቀረጥ ነው። ቤቱ ርካሽ ሲሆን ግን ቋሚ ክፍያዎቹ ስለሚከብዱ በመቶኛው ከዚያ ያልፋል፤ እኛ 5 ሺህ ዩሮ ገደማ ከፈልን።

አንድ የሚያስቅ ነገር። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ማስረዳት ግዴታ ነው፣ ሕገወጥ ገንዘብ ሕጋዊ መስሎ እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ አለባቸው። የኛ ደግሞ ከፊሉ የዕቁብ ነው። ባለቤቴ በተሰባበረ ፈረንሳይኛ ዕቁብን ማስረዳት ጀመረ። ዳኛ፣ ዕጣ፣ ዋስ... ኖቴሯ መነጽሯን አውልቃ ትሰማዋለች። በመጨረሻ "በባንክ ነው የገባው?" ብላ ጠየቀች። የዕቁባችን ዳኛ እግዜር ይስጠውና ሁሉን በባንክ የሚያስተላልፍ ሰው ነው። የወራቱን ወረቀት አትመን ሰጠን፣ አለቀ። የናንተ ዕቁብ በጥሬ ገንዘብ ከሆነ ከአሁኑ አስቢበት።

መጨረሻው ፊርማ ላይ መገኘት የለብሽም። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ኖቴሮቹ በቪዲዮ ውክልና መቀበል ይችላሉ። ፈረንሳይኛ ካልገባሽ ግን አስተርጓሚ ያስፈልጋል፣ ወጪውም ያንቺ ነው። ደግሞ ከቤቱ ጋር የእርሻ መሬት ካለ ሳፌር የሚባል ተቋም አለ፤ መሬቱ ለገበሬ ይሻላል ካለ ቀድሞሽ የመግዛት መብት አለው። መልስ ለመስጠት ሁለት ወር ይፈቀድለታል። የኛን ትንሽ ማሳ አልፈለጉትም፣ ድንጋይ ነው። ከቀብድ እስከ ቁልፍ በተለምዶ ሦስት ወር ነው ይላሉ። አራት ወራሽ ካለ ግን ዝም ብለሽ ጠብቂ።

አሁን ወደ ቤቱ። ግድግዳው ግማሽ ሜትር የሚያልፍ ውፍረት ያለው፣ በጭቃና በኖራ የተገነባ ድንጋይ ነው። ከዘመናት በኋላ አንድ ሰው፣ ነፍሱን ይማርና፣ ዘመናዊ ላድርገው ብሎ ውጭውን በሲሚንቶ ለሰነው። ድንጋዩ ከመሬት የሚስበው እርጥበት ድሮ በኖራው በኩል ይወጣ ነበር፤ ሲሚንቶው ሲዘጋበት ወደ ውስጥ ዞረ። ወጥ ቤቱ ጥግ ላይ ልስኑን በጣቴ ስነካው እንደ ረጠበ ዱቄት እጄ ላይ ቀረ። ጨውማ ነጭ ነገር ግድግዳው ላይ እስከ ጉልበቴ ወጥቷል። ያሻሻጠን ድርጅት ሰውዬ "ቀለም ይበቃዋል" ብሎ ነበር። ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡ ግንበኛ፣ መዶሻቸውን ይዘው መጡና አንድ ጥግ ላይ ሲሚንቶውን አነሱ፣ ከሥሩ ድንጋዩ ጥቁር ርጥብ ነበር። "አንድ ዓመት ራቁቱን ተዉት፣ ከዚያ በኖራ ለስኑት" አሉን። አሁን ቤታችን ግማሹ ራቁቱን ነው። ቪላው ይሄ ነው እንግዲህ።

ሌላው ሴፕቲክ ታንክ ነው። ገጠር ላይ ብዙ ጊዜ የጋራ ፍሳሽ መስመር የለም። ማዘጋጃ ቤቱ ፈትሾ ደረጃውን አያሟላም ካለ፣ የገዛው ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ማስተካከል አለበት። ለኛ 10 ሺህ ዩሮ ገደማ ተባልን። ይሄ ዋጋው ላይ እንዲቀነስልን ቀድመን ተከራክረን ስለነበር አልደነገጥንም።

ሰዎቹ? ደጎች ናቸው፣ ግን ቸኩለው አይቀርቡሽም። ዳቦ በመኪና በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል። ሐኪም ማግኘት ከባድ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ የሚከፈተው በሳምንት ጥቂት ሰዓት ነው፣ ጸሐፊዋ ግን የመንደሩን ሁሉ ነገር ታውቃለች፤ ከማንም በፊት እሷን ሰላም በያት። ከመስከረም ጀምሮ አዳኞች ጫካ ውስጥ ስላሉ ደማቅ ልብስ ሳንለብስ አንወጣም። የመኪናችን ታርጋ የጀርመን ስለሆነ መንደሩ "ጀርመኖቹ" ነው የሚለን። እኛን! ባለቤቴ ይሄን ለመርካቶ ዘመዶቹ ነግሮ እስካሁን መሳቂያ ሆኗል።

አንቺም ልግዛ እያልሽ ነው፣ በኋላ ላከራየው፣ ጡረታ ስወጣ ልኑርበት። እስቲ ቀስ በይ። ያንቺ የአሜሪካ ፓስፖርት ነው። ያለ ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው የምትቆዪው፣ ቤት መግዛት ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድ አይሰጥም። እንግሊዞቹ አገራቸው ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች በኋላ በዚሁ ነው የተቸገሩት። ለረጅም ጊዜ የሚሆን የጎብኚ ቪዛ አለ፣ ገቢና የጤና ኢንሹራንስ ታሳያለሽ፣ እዚያ ግን መሥራት አትችይም። ለጡረታ ይሆናል፣ ለዛሬ አይሆንም።

ማከራየቱም እንዳሰብሽው አይደለም። ቤቶች በሙቀት አያያዛቸው ከኤ እስከ ጂ ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ ኤ ምርጡ፣ ጂ መጨረሻው ነው። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ጂ የሆነ ቤት ለመኖሪያ አዲስ ተከራይ ማስገባት ተከልክሏል፣ በ2028 ደግሞ ኤፍ ይከተላል። ርካሾቹ የድንጋይ ቤቶች አብዛኞቹ እነዚህ ናቸው። ለሁለተኛ ቤት በየዓመቱ ሁለት ዓይነት ግብር ይከፈላል፤ የኛ ተደምሮ ከሺህ ዩሮ ትንሽ ያልፋል። ስትሸጪ ከትርፉ ግብር አለ፣ ሙሉ በሙሉ ነጻ የምትሆኚው ከ30 ዓመት በኋላ ነው። አንቺ ሦስት ልጆች አሉሽ፤ በነሱ ሕግ ከንብረቱ ሦስት አራተኛው የልጆች ድርሻ ነው፣ ለባልሽ ብቻ ልተው ብትዪ ቀላል አይሆንም። ለማትረፍ ከሆነ ተይው። ቦታውን ወደሽው፣ ጊዜ ኖሮሽ፣ እጅሽን በኖራ ለማቆሸሽ ከፈለግሽ ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ ወድጄዋለሁ።

ዋጋው በጣም የረከሰ ካየሽ ደግሞ ማስታወቂያው ላይ "ቪያዤ" የሚል እንዳለ እዪ። ሽማግሌው ወይም አሮጊቷ እዚያው እየኖሩ ቤቱን ከነሱ ትገዢያለሽ፣ እስኪሞቱ በየወሩ ትከፍያለሽ። አርል ከተማ ዣን ካልማ የምትባል ሴት በ1965 በ90 ዓመቷ እንዲህ ተዋዋለች። ገዢው ራሱ ኖቴር ነበር፣ 47 ዓመቱ፣ በወር 2,500 ፍራንክ። እሱ በ1995 ሞተ፣ ቤቱ ውስጥ አንድ ቀን ሳይኖር። ሚስቱ መክፈሏን ቀጠለች። ካልማ ያረፈችው በ1997፣ በ122 ዓመቷ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ውል አልፈርምም፣ የሰው ዕድሜ መቁጠር ደስ አይልም።

የላክሽልኝን የኖርማንዲውን፣ ኦርን ያለውን ቤት አየሁት። ያምራል። የሙቀት ደረጃው ጂ ነው፣ ምድጃው ትልቅ ነው፣ ፎቶዎቹ ሁሉ ግን ከፊት ለፊት ናቸው፤ ጣሪያው ከኋላ በኩል የትም አይታይም። ለደላላው ጻፊለትና የጣሪያውን የኋላ ክፍልና የአሸንዳውን ፎቶ ይላክልሽ፣ የወራሾቹን ቁጥርና የሴፕቲኩንም ወረቀት ጠይቂው። ሲልክልሽ አስተላልፊልኝ፣ ለግንበኛው ጎረቤቴ አሳያቸዋለሁ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ፈረቃ የለኝም፣ ያኔ ደውይ።

እማማን በጣም ሳሚልኝ።

እህትሽ