እውነት በመናገሩ ሞት የተፈረደበት ሴንሰር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው ሳምንት ስለ መኪና ጥገና ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ በሁለተኛው ይበልጥ ተናደድኩ። ጋራዥ ያለው ተናግሯል፣ መለዋወጫ ሻጩም ተናግሯል። ባለመኪና ግን አንድም አልተጠየቀም። «ኮምፒውተሩ የተበላሸውን ዕቃ እየነገራቸው ወጪ ፈርተው የሚከራከሩ» ተብለን ተወስተናልና ጨርሶ ተረስተናል ብዬ አላማርርም። ስላስታወሳችሁን እናመሰግናለን።

ሌላውን ትቼ እዚችው ላይ ልቁም። ኮምፒውተሩ የተበላሸውን ዕቃ አይነግርም። ጋራዥ ማሽን ሰክቶ የሚያነበው የብልሽት ኮድ መኪናዋ ምን እንዳመማት እንጂ ከምን እንደመጣባት አይናገርም። ፒ 0171 የሚባለውን ኮድ ውሰዱ። ከሚገባው አየር አንጻር ነዳጁ አንሷል ማለት ነው፤ በቃ። የቤንዚን ሞተር በክብደት ለ1 ነዳጅ 14.7 ያህል አየር ይፈልጋል። ሚዛኑ የሚዛባው ግን የነዳጅ ፖምፓው ደክሞ፣ ፊልትሮው ተደፍኖ፣ ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተር ቆሽሾ፣ የአየር መለኪያው ተሳስቶ ወይም አንዲት የጎማ ቱቦ ተሰንጥቃ ሊሆን ይችላል። ለሁሉም የሚወጣው ያው ኮድ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ከኪሴ ከፍዬ ነው። መኪናዬ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲዞር፣ ትንቀጠቀጥ ጀመር፤ ትራፊክ መብራት ላይ ስቆም ቀጥ ትላለች፣ ከኋላዬ ያለው ጡሩምባውን ያንባርቃል። ጋራዥ ወሰድኳት። ማሽን ተሰካ፣ ኮድ ተነበበ፣ «ኦክስጅን ሴንሰር ነው» ተባለ፣ ተቀየረ። በአራተኛው ቀን የሞተር መብራቱ ተመልሶ በራ። ሁለተኛው ጋራዥ «ያስገቡልህ ኦሪጅናል አይደለም» ብሎ ደግሞ ቀየረው። ሦስተኛው ኮዱን ብቻ አጥፍቶ ሒሳብ ተቀበለኝ። ቢያንስ ዕቃ አልሸጠልኝምና ከሁሉም ሐቀኛው እሱ ሳይሆን አይቀርም!

የሴንሰሩ ጥፋት እኮ ጭሱ ውስጥ ኦክስጅን በዝቷል ብሎ እውነቱን መናገሩ ነው። ቴርሞሜትሩ 39 ስላለ ቴርሞሜትሩን የሚቀይር ሐኪም አይታችሁ ታውቃላችሁ? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

በመጨረሻ አንድ አዛውንት መካኒክ ጋ ሄድኩ። ማሽኑን ከመሰካታቸው በፊት «ልጄ፣ ነዳጅ ስትረግጥ ትረጋጋለች?» አሉኝ። አዎ፣ ትረጋጋለች። እስከዚያ ድረስ ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። በስንጥቅ ሾልኮ ሳይለካ የሚገባ አየር የሚጎዳው ሞተሩ ጥቂት አየር በሚስብበት ሚኒሞ ላይ ነው፤ ዙሩ ሲጨምር ድርሻው ያንሳል። ከዚያ ማሽኑን ሰኩና ኮዱን ሳይሆን ኮምፒውተሩ ምን ያህል ነዳጅ እየጨመረ እንደሆነ የሚያሳየውን ቁጥር ተመለከቱ። ሚኒሞ ላይ ከፍ ይላል፣ ሲረገጥ ይወርዳል። ጥፋቱ የነዳጅ እጥረት ቢሆን ኖሮ ጫና ሲበዛ ይብስ ነበር። ስለዚህ ማሽኑን አላጣጥልም፤ ለሚጠይቀው ሰው ይመልሳል።

እንግዲያው አየር የምታሾልከው አንዲት የጎማ ቱቦ ነበረች፤ የተሰነጠቀችውም እጥፋቷ ላይ፣ በታች በኩል፣ ዓይን በማያይበት ቦታ ነበር። ለመቀየር አሥር ደቂቃ አልፈጀችም፤ ዋጋዋም ከአንዱ ሴንሰር ጋር አይወዳደርም።

እንግዲህ «ወጪ ፈርተው» የተባልነው እኛ ነን። እርማት ብታወጡ ደግ ነው፤ ካላወጣችሁም የወለቁትን ሁለት ሴንሰሮች በካርቶን አስቀምጫቸዋለሁና ዘጋቢያችሁ መጥቶ ይያቸው። አዛውንቱ በመለኪያ ፈትሸዋቸዋል። ሁለቱም ጤነኛ ናቸው።

አንድ ባለመኪና