ቅዳሜ ማታ አልጋሽ ላይ አትቅሪ

ሚጣዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? እሁድ ስትደውዪ «ደህና ነኝ» ያልሽው ሦስት ጊዜ ነው። ቆጥሬዋለሁ። ደህና ስትሆኚ አንዴ ብለሽው ወደ ሌላ ወሬ እንደምታልፊ እኔ አጣሁት? ከኋላሽ የአዳሪ ትምህርት ቤቱን ስልክ የሚጠብቁ ልጆች ይንጫጫሉ፣ አንቺም ትቸኩያለሽ፣ ምኑን ልጠይቅሽ። በደብዳቤ የመጣሁብሽ ለዚህ ነው። ደብዳቤ ወረፋ የለውም።

እዚህ ሁሉም ሰላም ነው። ማሙሽ አልጋሽን ወርሷል። «ለጊዜው ነው» ይላል፤ ግን ግድግዳው ላይ የለጠፍሻቸውን ሥዕሎች አንስቶ የራሱን ኳስ ተጫዋቾች ደርድሯል። አባትሽ እራት ሲቀርብ አራት ሳህን ያወጣና አንዱን ዝም ብሎ ይመልሳል። በየቀኑ። አንድ ቀን ሦስት ያወጣል ብዬ እጠብቃለሁ፣ እሱ እቴ!

ካወራነው ሁሉ አንድ ነገር ጆሮዬ ላይ ቀርቷል። «ቅዳሜ ማታ ሁሉም አዳራሽ ሲወርድ እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ አነባለሁ። ዶርሙ ጭር ይላል፣ ደስ ይላል» አልሽኝ። «ደስ ይላል» ስትዪ ድምፅሽ ሰለለ።

አሁን «ድር ቢያብር» ምናምን ብዬ አልጀምርሽም። እዚያ የሚታሰር አንበሳ የለም። ያለው ስምንት ልጅ የሚተኛበት ክፍል፣ የሻወር ወረፋና አንድ የጠረጴዛ ቴኒስ ነው። የምነግርሽ የራሴን ጉድ ነው።

አዳሪ ስገባ ያንቺን እድሜ ነበርኩ። ታች አልጋ ደረሰኝ። ትርፍ አንሶላዬን ከላይኛው አልጋ ፍራሽ ስር ወተፍኩና እንደ መጋረጃ አወረድኩት። ክፍል ውስጥ ሌላ ክፍል ሠራሁ ማለት ነው። በዘዴዬ ኮርቼ ነበር። ልጆቹ መጀመሪያ መጀመሪያ መጥተው ያንኳኩልኝ ነበር። አንሶላ እንዴት ይንኳኳል እንዳትዪ፣ በአፋቸው «ኳ ኳ» ይላሉ። እኔ ከውስጥ «እያጠናሁ ነው» እላለሁ። በሁለተኛው ሳምንት «ኳ ኳ» ቀረ።

ከቤት ስወጣ እናቴ አንድ እሽግ ብስኩት ሻንጣዬ ውስጥ ከትታልኝ ነበር። አንድ ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ ሆዴን ባር ባር አለኝ። ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ላስቲኩን መቅደድ ጀመርኩ። ቀስ ብዬ። ቀስ ባልኩ ቁጥር የባሰ ይንኮሻኮሻል። ቆም እላለሁ፣ የልጆቹን ትንፋሽ አዳምጣለሁ፣ ደግሞ ትንሽ እቀድዳለሁ። አንዱን አፌ ውስጥ ከትቼ፣ ሳላኝክ፣ በምራቄ እስኪርስ ጠበቅኩ። ሁለተኛው ላይ አላስቻለኝም። ቀጭ!

ከላይኛው አልጋ፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ፣ በጣም ትሁት የሆነ ድምፅ «ይጥማል?» አለኝ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ለካ ሰባቱም ነቅተው እኔን ሲያዳምጡ ነበር። እኔ ግን ለቅሶዬን ለቀቅኩት። ያቺ የላይ አልጋዋ ልጅ በመሰላሉ ወርዳ አንሶላዬን ገለጠችው። አጽናናችኝ ብልሽ ውሸት ነው። እጇን ዘርግታ «አንድ አምጪ» ነው ያለችኝ። ከዚያ በዳበሳ ለሰባቱም አደልኩ። በማግስቱ አንሶላውን ማንም አውርጂው ሳይለኝ አወረድኩት።

ካደግኩ በኋላ ያነበብኩት አንድ ጥናት ያቺን ማታ አስታወሰኝ። ፌስቲንገር፣ ሻክተርና ባክ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1950 ያወጡት ነው። አሜሪካ ውስጥ ኤም አይ ቲ የሚባለው ተቋም ባለትዳር ተማሪዎቹን ያኖረበት መንደር ነበር። ሰዎቹ ቤቱን የተመደቡት እንጂ ጎረቤታቸውን መርጠው የገቡ አይደሉም፤ ልክ እንደናንተ። ተመራማሪዎቹ ማን ከማን ጋር ተወዳጀ ብለው ቢጠይቁ፣ መልሱ በአብዛኛው የበር ጉዳይ ሆኖ አገኙት። በራቸው ጎን ለጎን የሆነ ሰዎች ተወዳጁ። ጥቂት በር ራቅ ሲል ወዳጅነቱም ቀነሰ። ደረጃው አጠገብ የሚኖሩት ደግሞ የላዩንም የታቹንም ሰው አወቁ፤ ሁሉም በእነሱ በር ያልፋላ። ጠባይ አይደለም፣ ሀብት አይደለም፣ የእግር መንገድ ነው።

አንቺ «ጥጉ ላይ ያለችው ምርጥ አልጋ ደረሰችኝ» ብለሽ ስትነግሪኝ ውስጤ ትንሽ ያዘነው ለዚህ ነው። መስኮትም አላት፣ ብርሃንም አላት፣ እሺ። ግን በእሷ በኩል የሚያልፍ ሰው የለም። አልጋ ቀይሪ አልልሽም። አንቺ ወደሚታለፍበት ውጪ ነው የምልሽ። ካልሲሽን ስታጥቢም ሆነ ጸጉርሽን ስትሠሪ፣ በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ይሁን።

«ከልጆቹ ጋርማ በየማታው ጥናት ላይ አብሬ እቀመጣለሁ እኮ» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። እሱንም አስቤበታለሁ። ጄፍሪ ሆል የሚባል የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ጓደኝነት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ለመገመት ሞክሮ ነበር። ከትውውቅ አልፎ ቀለል ላለ ጓደኝነት ወደ 50 ሰዓት፣ ጓደኛዬ ለማለት ወደ 90 ሰዓት፣ ለልብ ጓደኛ ከ200 ሰዓት በላይ። ሁሉም ሰዓት ግን እኩል አልመዘነም። ጎን ለጎን ሆነው ሥራ የሠሩበት ሰዓት ብዙም አያቀራርብም። የሚያቀራርበው ያወሩበት፣ የተጫወቱበት፣ የቀለዱበት ነው። ስለዚህ የጥናቱ ሰዓት በሙሉ ተደምሮ፣ አንቺ የዘለልሽውን የቅዳሜ ማታ ሦስት ሰዓት ላያህል ይችላል። ጓደኝነትን በሰዓት መቁጠር ለኔም ትንሽ ይደብረኛል። ቢሆንም ገና ሦስተኛ ሳምንትሽ ነውና 50ው አልሞላም፤ «ጓደኛ የለኝም» ብለሽ ከወዲሁ አትፍረጂ።

መድረክ ላይ ውጪ እያልኩሽ አይደለም። አንቺን መች አጣሁሽና፣ ሰው ሲያይሽ ድምፅሽ ይጠፋል። ቅርጫት ኳስ እንዴት እንደተጀመረ ነግሬሽ አውቃለሁ? እ.ኤ.አ. በ1891 ታኅሣሥ ውስጥ፣ ማሳቹሴትስ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ፣ ጄምስ ናይስሚዝ የሚባል መምህር አንድ የሚያስቸግር ክፍል ተሰጠው። እዚያ ወቅቱ የበረዶ ነው፣ ውጭ አይወጣም፣ ተማሪዎቹ የቤት ውስጥ ጂምናስቲክ ሰልችቷቸዋል። እስቲ የሆነ ጨዋታ አምጣላቸው ተባለ። ሁለት የኮክ ፍሬ ቅርጫት አዳራሹ ሰገነት ላይ ቸነከረ፣ አሥራ ስምንቱን ተማሪ ዘጠኝ ዘጠኝ አድርጎ ከፈለና ኳስ ወረወረላቸው። ዓለም የሚጫወተው ጨዋታ የተወለደው ቤት ተዘግቶባቸው ከተሰላቹ ልጆች ነው። እኔ የምወደው ግን ሌላውን ነው። ቅርጫቶቹ ቂጣቸው አልተቀደደም ነበር። ጎል በገባ ቁጥር አንድ ሰው መሰላል ላይ ወጥቶ ኳሷን ማውረድ ነበረበት።

እና አንቺ መሰላሏን ያዢያ። ነጥብ መዝግቢ፣ ወንበር ደርድሪ፣ ሙዚቃውን ክፈቺ።

እኔ የተሰጠኝ መብራት ነበር። የተርሙ መጨረሻ ላይ ድራማ አዘጋጅተን ነበር፤ ኃላፊነቴ ንጉሡ ሲሞት መብራት ማጥፋት ነው። አንድ ማብሪያ ማጥፊያ፣ በቃ። ንግሥቲቱ ገና ለልጇ ምክር እየሰጠች ሳለ እኔ በድራማው ተመስጬ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ለካ የተደገፍኩት ማጥፊያውን ነው። ድርግም! ንግሥቲቱ በዚያው በንግሥት ድምጿ «ይህን መብራት ያጠፋው የቱ ጠላት ነው?» አለች። ተመልካቹ የድራማው አካል መስሎት አጨበጨበ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያ ቤት መብራት በጠፋ ቁጥር ከየክፍሉ «ኮረንቲ! ኮረንቲ!» ተብሎ ይጠራል። አራት ዓመት ሙሉ።

ስልክ ደውላ «ኮረንቲ አለች?» የምትለዋ ሴትዮ ማን እንደሆነች ስትጠይቂኝ ኖረሻል። እሷ ናት። ንግሥቲቱም እሷ፣ «ይጥማል?» ያለችኝም እሷ።

የዶርም ኑሮ ሁሉ እንዲህ ሳቅ ነው ብዬ ግን አላታልልሽም። ስምንት ሰው አንድ ክፍል ሲተኛ አንዷ ታንኮራፋለች፣ አንዷ በእኩለ ሌሊት ሎከር ታንጓጓለች፣ አንዷ ፎጣዋን ልካ የሻወር ወረፋ ታስይዛለች። በናንተ እድሜ እንቅልፍ መዘግየቱ የተፈጥሮም ነው፤ ሰውነታችሁ ውስጥ ያለው ሰዓት ከልጅነታችሁ ይልቅ ወደ ሌሊት ይገፋል። የሚያስፈልጋችሁ ግን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ነው። ስለዚህ ያቺ ማታ ማታ የምታወራዋ ልጅ አንቺን ለማናደድ አይደለም የምታወራው። ንገሪያት፤ ግን በጨለማ ከአልጋሽ ሆነሽ አትጩሂ። ቀን፣ ምሳ ላይ፣ ለብቻዋ። መጀመሪያ ወደ ዶርሙ ተቆጣጣሪ፣ ወደ ፕሮክተሯ ከሮጥሽ ልጅቷ ዝም ትል ይሆናል፣ ከዚያ ግን ላንቺም ዝም ነው የምትልሽ።

ፕሮክተሯ ጋ ወዲያውኑ የሚኬድበት ነገር ደግሞ አለ። ፉገራ በየተራው ይዞራል። ዛሬ ባንቺ ይሳቃል፣ ነገ በሷ፣ ከነገ ወዲያ በፕሮክተሯ። ሁልጊዜ አንዲት ልጅ ላይ ብቻ ካረፈ ፉገራ አይደለም። ትልልቆቹ ልብሳችንን እጠቢ ካሉሽ፣ ዕቃሽን ካለፈቃድሽ ከወሰዱ፣ እጃቸውን ካነሱብሽ ወይም በማትፈልጊው መንገድ ከነኩሽ፣ የዚያኑ ቀን ትናገሪያለሽ። ለሷም ለኔም። ይህ የሚደርሰው ባንቺ ላይ ሳይሆን በሌላዋ ላይ ቢሆንም ያው ነው። «አቃጣሪ» ይሉሽ ይሆናል። ይበሉሽ።

የጽዳት ተራሽ ሲደርስ አትሽሺ። እኔ በነበርኩበት ቤት ያጠፋ ልጅ ቅጣቱ መጸዳጃ ቤት ማጠብ ነበር፤ ያ ነገር እስካሁን አይዋጥልኝም። መጥረጊያ ቅጣት ከሆነ፣ ተራዋ ደርሶ የምትጠርገዋም ልጅ የተቀጣች ይመስላታል። የኛ ክፍል ልጆች ኮሪደሩን የምናጥበው እየዘፈንን ነበር። ድምፃችን አያምርም፣ ኮሪደሩ ግን ያስተጋባል፤ ያስተጋባ ድምፅ ደግሞ ሁሉም ያምራል።

ስለ ናፍቆትም አልሽኝ። ቀን ደህና ሆነሽ ማታ ብቻ የሚመጣብሽ። ቀን ሥራ ስለሚይዝሽ ነው፣ ማታ ነፃ ቦታ ያገኛል። ዮሐንስ ሆፈር የሚባል የሕክምና ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1688 ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ ውስጥ ለናፍቆት የሕክምና ስም አውጥቶለት ነበር፣ በሽታ ነው ብሎ። ከጻፋቸው ሕመምተኞች አንዱ ከበርን ወደ ባዝል ለትምህርት የመጣ ልጅ ነው። ሁለቱ ከተሞች መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ አይራራቁም! ልጁ ሊሞት ነው ተብሎ ወደ ቤቱ መንገድ ሲጀምር ተሻለው። አየሽ፣ አንቺ የጀመርሽው ነገር አይደለም። ማልቀስ ካማረሽ አልቅሺ፤ ከመጋረጃ ጀርባ ብቻ አይሁን። ከስምንቱ ቢያንስ ሌላ አንዷም ትራሷን እያራሰች እንደሆነ እወራረድሻለሁ።

አባትሽ ደብዳቤውን ከትከሻዬ በላይ እያነበበ «የሳህኑን ነገር ለምን ጻፍሽው» እያለኝ ነው። ልተወው። ለእሁድ ስልኩን እሱ ያነሳዋል፣ እንዳትደነግጪ፤ ሁለት ደቂቃ ስለ አየር ጠባይ ያወራሽና ለኔ ይሰጠኛል።

ከደብዳቤው ጋር አንድ እሽግ ብስኩት ልኬልሻለሁ። ውስጡ ስምንት ነው። ላስቲኩ በጣም ይንኮሻኮሻል፤ ሱቅ ውስጥ አንድ በአንድ እየነካካሁ ነው የመረጥኩት።

እናትሽ
(ኮረንቲ)