ከረሜላውን ያልበላው ልጅ የግድ ያልፍለታል?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው የመጻሕፍት ገጻችሁ ላይ ያ የማርሽሜሎው ጥናት እንደገና ተነሳ። ጣፋጩን ሳይበላ ለጠበቀ ልጅ ሁለተኛ ይጨመርለታል፤ የጠበቀው ልጅ ሲያድግም ይሳካለታል የሚባለው። ጭራሽ «እናንተም ልጆቻችሁን ሞክሯቸው» የሚል ምክር አከላችሁበት። ኧረ ቀስ!

ጥናቱ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዋልተር ሚሼል የጀመረው በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ልጆቹ ግን ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ካለ መዋዕለ ሕፃናት የመጡ ናቸው፣ በአብዛኛው የተማረና የደላው ቤተሰብ ልጆች። በ2018 ሌሎች ተመራማሪዎች ከ900 በላይ የሚሆኑ፣ ከተለያየ ኑሮ የመጡ ልጆችን መረጃ አዩ። መጠበቅ መቻልና በ15 ዓመት ዕድሜ የሚመጣው የትምህርት ውጤት ያላቸው ዝምድና በግማሽ ወረደ። የቤተሰቡ ኑሮና የልጁ የቀድሞ ችሎታ ሲታሰብበት ደግሞ ከቀረችው ላይ ሁለት ሦስተኛው ጠፋ። ይህን ጥናት የሚያወሩት መጽሐፎች ይህን አይነግሩንም፤ ብዙዎቹ ከዚያ በፊት የታተሙ ናቸው።

በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት አለ። መጀመሪያ ቃሉን ያጠፈ ሰው «ጠብቅ፣ እጨምርልሃለሁ» ሲላቸው ልጆቹ ብዙም አልጠበቁም። ምን በወጣቸው! (እሱም የተሠራው በ28 ልጆች ብቻ ስለሆነ በልኩ ያዙት።)

እኛ ጋ ወሬው ቶሎ የሚገባን ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው። «የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል» እየተባልን አድገናል፤ የምናምነውን ነገር ፈረንጅ በላብራቶሪ አረጋገጠልን ሲባል ማን ቁጥር ይጠይቃል?

ትልልቆቹም ይሳሳታሉ። የኖቤል ተሸላሚው ዳንኤል ካህነማን በ2011 መጽሐፉ ሳናውቀው ባህሪያችንን ይለውጣሉ ስለተባሉ ትንንሽ ፍንጮች ሲጽፍ፣ አለማመን አይቻልም ብሎ ነበር። በ2017 ግን በጥቂት ሰዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ከልክ በላይ እንዳመነ ራሱ በጽሑፍ ተናገረ። መጽሐፉ ግን ዛሬም ያችኑ ምዕራፍ ይዞ ይሸጣል።

የአማርኛ ትርጉሞች ላይ ደግሞ ይብሳል። ከኋላ ያለውን የምንጭ ዝርዝር ቆርጠው የሚያወጡ አሉ፣ ምናልባት ወረቀት ለመቆጠብ ይሆናል። አንባቢው ጥናቱ መቼ፣ በስንት ሰው ላይ እንደተሠራ በምን ይወቅ? እናንተም መጽሐፍ ስታስተዋውቁ እነዚህን ሁለት ነገሮች ብትጽፉልን ቦታ አይፈጅባችሁም። ሌላ ሰው ደግሞት ያው ውጤት መጥቶ እንደሆነ ብትጨምሩማ እሰየው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ ከአዲስ አበባ