አባባ፣ ፊልሙን አልሸጠውም

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? እኛ ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እዚህ ሜሪላንድ ብርዱ ገና አልለቀቀንም።

ባለፈው በስልክ ያነሱትን ጉዳይ በስልክ መጨረስ ስላልቻልኩ በጽሑፍ ልመልስልዎ ብዬ ነው። «ይህ ሁሉ አሮጌ ፊልም ምን ያደርግልሃል? ገዢ ከመጣልህ ሽጠውና ለቤትህ አውለው» አሉኝ። ቀጥለውም፣ እህቴ ነግራዎት ኖሮ፣ «ጥቁርን የሚሰድብ ነገር ገንዘብ አውጥተህ ታስቀምጣለህ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይከብዳል። አስቀድሜ ግን ነገሩ ምን እንደሆነ ላስረዳዎ።

የማሰባስበው ከ1920ዎቹ እስከ 1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተሠሩ አጫጭር የካርቱን ፊልሞችን ነው። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎ።) አብዛኞቹ ሰባት ደቂቃ ያህል ይረዝማሉ፤ ያን ጊዜ በሲኒማ ቤት ከዋናው ፊልም በፊት ይታዩ ነበር። እኔ ዘንድ ያሉት የ16 ሚሊሜትር ቅጂዎች ናቸው፤ እርስዎ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ያሳዩን የነበረው ዓይነት። ኮዳክ ይህን መጠን በ1923 ያወጣው በቀላሉ በማይቀጣጠል ፊልም ስለነበር ለቤትና ለትምህርት ቤት ተስማማ። የሲኒማ ቤቱ 35 ሚሊሜትር ግን እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በአብዛኛው ናይትሬት ከሚባል በቀላሉ ከሚቀጣጠል ነገር የተሠራ ነበር፤ አንዴ እሳት ከያዘው የሚያጠፋው የለም። ፊልሙን ፕሮጀክተሩ ላይ ሲያያይዙ ከሌንሱ በታች ይተዉት የነበረውን ቀለበት ያስታውሳሉ? በ16 ሚሊሜትር ድምፁ ከምስሉ 26 ፍሬም (ፍሬም ማለት ፊልሙ ላይ ያለ አንድ ነጠላ ሥዕል ነው) ቀድሞ ስለሚታተም፣ ያ ቀለበት ከጠበበ ወይም ከሰፋ አፍና ድምፅ ይለያያሉ። ጥበቡን ከእርስዎ እጅ ነው ያየሁት።

«ሁሉም ኢንተርኔት ላይ አለ አይደለም ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። ኢንተርኔት ላይ ያለውም ከአንድ ሰው መደርደሪያ የወጣ ነው፤ ብዙ ጊዜም ጎድሎ ነው የሚገኘው። ፓራማውንት የተባለው የፊልም ኩባንያ በ1950ዎቹ አጋማሽ ካርቱኖቹን ለቴሌቪዥን ሲሸጥ፣ ገዢዎቹ የመክፈቻውን ጽሑፍ አውጥተው የራሳቸውን ስም ተኩበት። ስለዚህ መጀመሪያ በወጣበት መልክ የቆየ ቅጂ ሲገኝ ትልቅ ነገር ነው። ቀለሙም እንዲሁ። የቴክኒከለር ቅጂ ሦስቱ ቀለሞች በየተራ ፊልሙ ላይ የታተሙበት ስለሆነ እስከ ዛሬ አልደበዘዘም፤ በርካሹ የኢስትማን ቅጂ ላይ ግን ሌሎቹ ቀለሞች ጠፍተው ሰማዩም ሣሩም ሮዝ ሆኗል። ዋልት ዲስኒ ከሚኪ ማውስ በፊት ኦስዋልድ የሚባል ጥንቸል ነበረው፤ ከፊልሞቹ አንዳንዶቹ ጠፍተው ቀርተዋል። ከጠፉት አንዱ በ2018 የታወቀው ጃፓን ውስጥ ነው፤ አንድ ሰው ገና ተማሪ ሳለ ገዝቶ ለ70 ዓመት ያህል ቤቱ አስቀምጦት ኖሯል። ምን እንደያዘ ሳያውቅ ማለት ነው! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ።

ገዢ የመጣለት ፊልም በ1932 ኒው ዮርክ በሚገኘው የፍላይሸር ስቱዲዮ የተሠራ፣ ቤቲ ቡፕ የምትባል ሴት የምትታይበት ካርቱን ነው። ሲጀምር ግን ሥዕል አይደለም፤ ሉዊስ አርምስትሮንግ ከነባንዱ በአካል ይታያል። ገና ሠላሳ ዓመት አለፍ ያለው ጎልማሳ ነው፤ ትራምፔቱን ይዞ ፊቱ ሁሉ ይስቃል። እርስዎ በሸክላ ይሰሙት የነበረው አርምስትሮንግ ነው። ከዚያ ካርቱኑ ይጀምርና ቤቲ ጫካ ውስጥ ሰው በላ ተደርገው በተሣሉ ጥቁሮች እጅ ትወድቃለች። ጓደኞቿ ሲሸሹ የአንዱ ሰው በላ ራስ ከአካሉ ተለይቶ በሰማይ እየበረረ ያሳድዳቸዋል። ያ ራስ ከዓይንዎ ሥር ይለወጥና የአርምስትሮንግ እውነተኛ ፊት ይሆናል፤ እየዘፈነ።

ሳየው ደሜ ፈላ። ያን የመሰለ ሙዚቀኛ አክብረው አስገብተው፣ በዚያው ጥቅል ላይ አዋረዱት። ልጆቼን አላሳየኋቸውም፤ ነገሩን ለማመዛዘን እስኪደርሱም አላሳያቸውም። በ1968 ዩናይትድ አርቲስትስ የተባለው የፊልም ኩባንያ እንዲህ ያለ ስድብ ያለባቸውን 11 የዋርነር ካርቱኖች ከቴሌቪዥን ስርጭት አውጥቷቸዋል፤ ለሕፃናት ሲባል የተደረገው ትክክል ነው እላለሁ። ፊልሙን ቆርጦ መጣል ግን ሌላ ነገር ነው። ስድቡን ብቆርጠው የምሸፍነው የተሳዳቢውን ነውር ነው። እርስዎስ በጂኦግራፊ ክፍልዎ ስለ እኛ ያልሆነ ነገር የጻፈውን የፈረንጅ መጽሐፍ መቼ ገጹን ቀደዱት? ድምፅዎን ከፍ አድርገው አንብበው የቱ ጋ እንደዋሸ አሳዩን እንጂ።

ገዢው የጃዝ ፊልም ሰብሳቢ ነው። የሚፈልገው የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው፤ ካርቱኑን ቆርጦ እንደሚጥለው ራሱ ነግሮኛል። ያቀረበው ዋጋ ጥሩ ነው፤ አልዋሽዎትም። ነገር ግን ያንን ጥቅል በመቀስ ለሚከፍል ሰው አሳልፌ አልሰጥም። ክብሩና ውርደቱ በአንድ ላይ ሲታዩ ነው አርምስትሮንግ ምን ችሎ እንደዘፈነ የሚገባን።

ሌላም የሚያስቸኩል ነገር አለ። በቅርቡ ቆርቆሮውን ስከፍት ሆምጣጤ ሆምጣጤ ሸተተኝ። የዚህ ፊልም መደብ አሲቴት ነው፤ እያረጀ ሲፈርስ አሲድ ያወጣል፣ አሲዱ ደግሞ መፍረሱን ያፋጥነዋል፣ አጠገቡ ያሉትንም ይበክላል። መድኃኒት የለውም፤ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም። እየተኮማተረ ሲሄድ ቀዳዳዎቹ ከማሽኑ ጥርስ ጋር አይገጥሙም፤ ያኔ ማንም ሊያሳየው አይችልም። በጥጥ ጓንት ጠርዙን በሁለት ጣቴ ይዤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈተሽኩት፤ አንድ ቦታ ጣቴን ያዝ አደረገኝ፤ ትንሽ የተቀደደ ቀዳዳ ነበረ፣ ጠገንኩት። አሁንም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከሌሎቹ ለይቼ ለብቻው አስቀምጬዋለሁ፤ በሚመጣው ወር ወደ አንድ የፊልም ማኅደር ወስጄ ሙሉውን በዲጂታል አስገለብጠዋለሁ። ከዚያ ጥቅሉን እነሱ ዘንድ በቀዝቃዛው መጋዘን እንዲያስቀምጡልኝ እሰጣቸዋለሁ። በስጦታ ነው፤ ገንዘብ አልቀበልም።

ለማስገልበጫው የምከፍለው ከቅዳሜ ሥራዬ ከማገኘው ነው። ለእርስዎ ሕክምና ያስቀመጥኩትን አልነካም፤ የቤቱም ቁጠባ እንዳለ ነው። ስለዚህ በዚህ በኩል አይጨነቁ።

የጉልበትዎን ሐኪም ቀጠሮ እንዳያስተላልፉ፤ የመድኃኒቱን ገንዘብ ልኬያለሁ፣ እንደ ደረሰ እህቴ ትደውልልኝ። በውሳኔዬ ቅር ካለዎት ደግሞ በራስዎ እጅ ይጻፉልኝ፤ የሚሉኝን ሁሉ ማንበብ እፈልጋለሁ።

ናፋቂ ልጅዎ