የግል መርማሪ ከመባሉ በፊት ይፈተን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። «የግል መርማሪ ነኝ» የሚል ሰው ሁሉ ተፈትኖ ፈቃድ ሳይዝ እንዳይሠራ የሚያስገድድ ደንብ ይውጣልን ለማለት ነው። ለምን እንደዚህ እንደምል ልንገራችሁ።

አምና ባጃጄ ተሰረቀች። ምሳ ልበላ ገብቼ ስወጣ ከደጄ የለችም። ለፖሊስ አመለከትኩ። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሯ ተመዘገበ፤ ጠብቅ ተባልኩ። አምስት ነፍስ የሚያድረው በእሷ ነው፣ እንዴት ብዬ ልጠብቅ? ከዚራ ሻይ ስንጠጣ አንድ ወዳጄ «አቦ፣ ምርመራ የሚሠራ ሰው አለ፣ ያገኝልሃል» አለኝ። በማግስቱ ሰውዬውን አገኘሁት። ቀብድ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። የት ተማርክ፣ ማን ፈቀደልህ ብዬ አልጠየቅኩም።

በአራተኛው ቀን ስም ይዞልኝ መጣ። ሰፈራችን ባጃጅ የሚያጥብ ልጅ ነው፤ የኔንም ያጥብ ነበር። ማስረጃ የተባለው ከሩቅ የተነሱ ሦስት ፎቶዎችና የልጁ የስልክ ጥሪ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን ከየት እንዳመጣው አልነገረኝም። ፎቶው ላይ ልጁ ታይዋን ገበያ አጠገብ ከአንድ ባጃጅ ጎን ቆሟል። ባጃጅ አጣቢ ከባጃጅ ጎን ካልቆመ የት ይቆማል? ያኔ ግን ይህ አልታየኝም። ለጎረቤት አወራሁ። ለፖሊስም ጠቆምኩ። ልጁ ሁለት ሌሊት ታስሮ አደረ።

ባጃጇ ከወር በኋላ ከከተማ ውጭ ተገኘች፣ በሻንሲ ቁጥሯ። የያዛት ሰው ልጁን ጭራሽ አያውቀውም። ሽማግሌ ይዤ እናቱ ዘንድ ሄድኩ። እማማ ቡና አፍልተው ተቀበሉን። «እኔ ይቅር ብያለሁ ልጄ። ለሰፈሩስ ማን ይንገርልኝ?» አሉኝ። ቤት ለቤት ዞሬ ተናገርኩ። ቢሆንም ባጃጁን ለልጁ የሚሰጥ ሰው ጠፋ። አሁን ሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ የቀን ሥራ ይሠራል።

አያቴ ስለ ሌባ ሻይ ያወሩን ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡታል፣ ጭስ እንዲስብ ያደርጉታል። ልጁ ራሱን ስቶ ይሮጣል። ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ማስረጃ የለ፣ መከራከሪያ የለ። አውጫጭኝ እንኳ ይሻል ነበር፤ ሰው በአደባባይ ተሰብስቦ ፊት ለፊት ይነጋገራል። እኔ ቀብድ የከፈልኩለት ሥራ ከሌባ ሻይ በምን ይለያል? ፎቶ ተጨመረበት እንጂ።

ሥራው ይከልከል ግን አልልም። ወንጀል መመርመር የፖሊስ ነው። ይሁንና የጠፋ ዘመድ የሚፈልግ አለ። ምስክሩ ያለበት የጠፋበት ጠበቃ አለ። ሰው ከመቅጠሩ በፊት የሥራ ልምድ ወረቀቱን ማጣራት የሚፈልግ ነጋዴ አለ። ይህን በአግባቡ የሚሠራ ሰው ያስፈልገናል።

ሌላው ዓለም እንዴት እንደሚያደርገው አንብቤአለሁ። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት ፈቃድ የሚፈልግ ሰው 6,000 ሰዓት የምርመራ ሥራ ልምድ ማሳየት አለበት። ሙሉ ቀን ለሚሠራ ሦስት ዓመት ማለት ነው። የሕግ ዲግሪ ላለው ወደ 4,000 ይወርዳል። አሻራው ተወስዶ የወንጀል ታሪኩ ይጣራል። ከዚያ መልስ የሚመረጥበት የሁለት ሰዓት ፈተና ይቀመጣል። እኔን የገረመኝ የፈተናው ይዘት ነው። ሰው እንዴት እንደሚከታተል ይጠየቃል፣ እሺ። ግን ሕጉንና ደንቡንም ይጠየቃል። ማስረጃ እንዴት እንደሚያዝም። ሲያጠፋ በወንጀልና በፍትሐ ብሔር ምን እንደሚከተለውም። እንግሊዝ ግን እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣችው ሕግ መርማሪዎችን ፈቃድ ለማስያዝ መንገድ ከፍታ እስካሁን ተግባር ላይ አላዋለችውም። እዚያ ማንም ተነስቶ መርማሪ ነኝ ማለት ይችላል።

የኛ ፈተና ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ይጀምር። የሰው ቤት፣ ደብዳቤና የስልክ ግንኙነት እንደማይደፈር የሚናገረው እሱ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ። ተፈታኙ እነዚህን ይወቅ። ደንበኛህ «የሚስቴን መልእክት ከስልኳ አውጣልኝ» ቢልህ ምን ትመልስለታለህ? ፎቶ ስታነሳ ቀኑን፣ ቦታውንና ሰዓቱን እንዴት ትመዘግባለህ? የጠረጠርከውን ሰው ስም ለማን ትናገራለህ፣ ለማንስ አትናገርም? ይህቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ብቻ ያን ልጅ ታድነው ነበር።

«ፖሊስ የነበረ ሰው ምን ፈተና ያስፈልገዋል?» የሚሉኝ አሉ። እኔ ደግሞ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለእሱ ነው እላለሁ። ፖሊስ እያለ መጥሪያ ይሰጣል፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይፈትሻል፣ ይይዛል። ዩኒፎርሙን ሲያወልቅ ይህ ሁሉ ሥልጣን አብሮ ይወልቃል። እጁ የለመደውን መተዉ መረጋገጥ አለበት።

የቋንቋም ነገር አለ። ድሬ ውስጥ አንድ ምስክር አማርኛ፣ ሌላው ኦሮምኛ፣ ሌላው ሶማሊኛ ይናገራል። ያልሰማውን ቃል በግምት ተርጉሞ የሚጽፍ መርማሪ ሰው ያሳስራል። ስለዚህ ወረቀት ላይ ማጥቆር ብቻ አይበቃም። የሰውን ቃል ሰምቶ ሳይጨምር ሳይቀንስ መጻፍ ይችል እንደሆነ በተግባር ይታይ።

ፈተናውን ያለፉት ሰዎች ስምና የፈቃድ ቁጥር ደግሞ ማንም ሊያየው በሚችል ቦታ ይለጠፍ። ካሊፎርኒያ ማንም ሰው በኢንተርኔት ገብቶ ፈቃዱን ማጣራት ይችላል። ለኛ በየቀበሌው ሰሌዳ ላይ ቢሆንም ይበቃል። እኔ ያን ቀብድ ከኪሴ ከማውጣቴ በፊት ሰሌዳ ላይ ስሙን ፈልጌ ባጣው ኖሮ፣ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሳቢያን ነዋሪ
ድሬዳዋ